ሳሎን የተነጠፈው ፍራሽ፦ አካላችንን ለማሠራት የተጓዝንበት መንገድ አጭር ታሪክ

ወዳጃችሁ «ለሥራ ጉዳይ ኢስታንቡል ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሄዶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮፍያ ደፍቶ ከተመለሰ፣ ቤት ውስጥም «አላወልቅም» ካለ ነገሩ ገብቷችኋል። ከዓመት በኋላ የገብስ ማሳ የመሰለ ፀጉር ይዞ ብቅ ይላል። እንኳን ደስ ያለህ አንለውም፤ እሱም አይነግረንም። «ቼክ አፕ» ብላ ባንኮክ የሄደችው ዘመዳችን አፍንጫም እንደዚሁ ነው። ሁላችንም አይተናል፤ ማንም አላየም።

ስለነዚህ ሰዎች ከኋላቸው የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ቅብጠት ነው»፤ ሁለተኛው «ድሮ እንዲህ ያለ ነገር የት ነበር?»። የመጀመሪያውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ግን ከታሪክ ጋር አይስማማም። ኢትዮጵያዊ ፊቱንና አካሉን ለማሠራት ከቀዬው ርቆ መጓዝ ከጀመረ ቆይቷል። የዚህ መንገድ አንዱ በር ደግሞ ስሙ ሲነሳ ጉምሩክና እስር ቤት ብቻ ትዝ የሚለን አቃቂ ቃሊቲ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለዚያ መንገድ እናወራለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ከቤቱ ርቆ ራሱን ለቢላ የሚሰጥ ሰው በሰላም እንዲመለስ ያደረገው ምን ነበር?

ከጠበል እስከ ፍል ውሃ

ጉዞው ሐኪም ከመምጣቱ በፊትም ነበር። ቆዳው ላይ የማይጠፋ ነገር የወጣበት፣ አፉ የተጣመመበት፣ እግሩ ያበጠበት ሰው ጠበል ይሄዳል። ጠበሉ ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው። አስተውሉ፤ ማንም ብድግ ብሎ ብቻውን አይሄድም። አስታማሚ ይከተለዋል። ስንቅ ይያዛል። ሰባት ቀን ወይም ሁለት ሰባት ይቆያል እንጂ ዛሬ ተጠምቆ ነገ እየሮጠ አይመለስም። ፈወሰ አልፈወሰ የሚለውን ለባለ እምነቱ እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ የጉዞው አሠራር ነው፦ ዝግጅት፣ አስታማሚ፣ ማረፊያ፣ በቂ ቀን። እነዚህን አራት ነገሮች ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው አብረውን ይዘልቃሉ።

ከተማችንም ብትሆን የተወለደችው ከገላ ጉዞ ነው። እቴጌ ጣይቱና ቤተ መንግሥቱ ከብርዳሙ እንጦጦ እየወረዱ ፍል ውሃ ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቤት ተሠራ፣ ቦታውም አዲስ አበባ ተባለ። ሰው መጀመሪያ ለገላው መጣ፤ ከተማዋ ከዚያ በኋላ ተከተለች።

ለውበት ብሎ መወጋትም ከቱርክ የመጣ ነገር አይደለም። አያቶቻችን አንገታቸውንና ድዳቸውን በመርፌና በጥላሸት ተነቅሰዋል። ያማል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም ያመረቅዛል። ያኔ ግን «ቅብጠት» ያለ የለም፤ ወግ ነበር። ዛሬ አንዳንድ የልጅ ልጆቻቸው ያንኑ ዓይነት ንቅሳት በሌዘር ለማስጠፋት ይከፍላሉ። ወጉ ተለወጠ እንጂ ገላን ለሰው ዓይን ማስተካከሉ አልተለወጠም። ልዩነቱ ነቃሿ ሰፈር ውስጥ የምትገኝ፣ ብዙ ጊዜም በስሟ የምትታወቅ ሴት መሆኗ ነበር። ቁስሉ ቢያመረቅዝ ቤቷ አይጠፋም።

ባቡሩ አቃቂ ሲደርስ

ከአድዋ ጦርነት በኋላ፣ በዚያው በ1888 ዓ.ም.፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ለማከም ወደ አዲስ አበባ መጣ። በጅቡቲና በሐረር በኩል፣ በበቅሎ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ነበር ወደ ታማሚው የሚጓዘው። እ.ኤ.አ. በ1910 የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲቋቋም ግን አቅጣጫው መገልበጥ ጀመረ፤ ሕክምና ቋሚ አድራሻ አገኘ፣ ታማሚው ተጓዥ ሆነ።

ለዚህ ጉዞ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ባቡሩ ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ገባ። ከዚያ ለዓመታት ተንቀራፈፈና በ1915 አቃቂ ደረሰ። ከአቃቂ እስከ ከተማው የቀረችው 23 ኪሎ ሜትር ሁለት ዓመት ፈጀች፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከምሥራቅ በባቡር የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ፣ ነጋዴውም ታማሚውም፣ የሚወርደው አቃቂ ነበር። ከጅቡቲ የሚነሳው ባቡር ሌሊት ስለማይሄድ ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባል። የታመመ ሰው ሦስት ቀን በባቡር ተንገጫግጮ፣ ከአቃቂ ደግሞ በበቅሎ ሲሄድ አስቡት።

በሮቹ ከዚያ በኋላ በዙ እንጂ ቦታቸውን ብዙም አልለወጡም። ከደቡብ የሚመጣው አውቶቡስ ዛሬም ቃሊቲ መናኸሪያ ይገባል። የቀላል ባቡሩ መስመር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የደቡብ ጫፉ ቃሊቲ ሆነ። የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረውም እዚያው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከሐረርጌ «ሪፈር» ተብሎ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባን መጀመሪያ የሚያያት በዚህ በኩል ነው።

ከመናኸሪያው ቀጥሎ ያለውን ክፍል የሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ብዙም አይነግሩንም፤ እኛ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። የአዲስ አበባ ልጅ ከሆናችሁ ሳሎናችሁ ውስጥ «ለሕክምና የመጣ ዘመድ» ተኝቶ ያውቃል። ማታ ሶፋው ይገፋና ፍራሽ ይነጠፋል። ጠዋት ከእናንተ አንዱ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ካርድ ሊያወጣለት ይሰለፋል። እናት አጥሚት ታፈላለች። ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ይጠይቃል። እንግዳው «ቀጠሮዬ ለወር ተራዘመ» ሲል ማንም ፊቱን አያጠቁርም፤ ቢያጠቁርም ጓዳ ገብቶ ነው። በጀት ያልተያዘለት፣ ሪፖርት ያልተጻፈለት የአገሪቱ ትልቁ የታማሚ ማረፊያ ይህ ፍራሽ ነው። ብዙ ሰው ተሠርቶ በሰላም አገሩ የገባው በሐኪሙ እጅ ብቻ ሳይሆን በዚህ ፍራሽም ጭምር ነው።

ቅንድብ እንጀራ ሲሆን

አሁን ወደ «ቅብጠት» እንምጣ። ለመዳን የሚደረግ ሕክምናና ለመልክ የሚደረግ ሕክምና ድንበራቸው የት ነው? ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ያፈተኑት የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ናቸው።

ፖል ብራንድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደቡብ ህንድ ውስጥ ቬሎር በሚባል ከተማ ይሠራ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ሥጋ ደዌ የሰውን ጣት «ይበላል» ብሎ ያምን ነበር። ብራንድ ሌላ ነገር አየ። በሽታው የሚገድለው ነርቭን ነው፤ ሕመም የማይሰማው ሰው የጋለ ድስት ያነሳል፣ ሚስማር ይረግጣል፣ ጣቱ የሚጠፋው ሳያውቀው በሚደርስበት ጉዳት ነው። ስለዚህ ደህና የቀረውን ጅማት አዛውሮ የታጠፈን እጅ ማዘርጋት ጀመረ።

ግን አንድ ችግር ገጠመው። እጃቸው የተዘረጋላቸው፣ ከበሽታውም የዳኑ ሰዎች ሥራ አላገኙም። ምክንያቱ ፊታቸው ነበር። ሥጋ ደዌ ቅንድብን ያረግፋል፣ የአፍንጫን ድልድይ ያሰምጣል፤ አሠሪው አንድ ጊዜ ያይና በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ቅንድብ መትከልና አፍንጫ ማንሳት የሥራው አካል ሆነ። ከራስ ላይ ፀጉር ያለው ቆዳ ተወስዶ ቅንድብ ቦታ ይሰፋል። ዛሬ ኢስታንቡል ከሚደረገው ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ሥራ ነው። ቅብጠት ነው? ለዚያ ሰው ቅንድብ ማለት እንጀራ ነበር።

የኛው ታሪክ እዚህ ላይ ይገጥማል። አዲስ አበባ ውስጥ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ግቢ አለርት ተመሠረተ፤ ለአፍሪካ በሙሉ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲሆን። ቬሎር ላይ የዳበረው የእጅ፣ የእግርና የፊት ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና እዚህም ደረሰ። ዐይኑ አልከደን ያለው ሰው ሽፋሽፍቱ ይስተካከልለታል፤ እጁ የታጠፈ እንዲዘረጋ ይሠራለታል። ሰው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከአርሲ ይመጣል፤ በእግሩም፣ በአህያም፣ በአውቶቡስም።

ችግሩ መመለሱ ላይ ነበር። ብዙዎቹ ተሠርተው አልተመለሱም። ቀዬያቸው አልተቀበላቸውማ! እጁ ቢዘረጋም ስሙ አልተቀየረለትም። ስለዚህ ዘነበወርቅ ዙሪያ ጎጆ እየቀለሱ ቀሩ። እነሆ አንድ ሙሉ ሰፈር መመለስ ባልቻሉ ተጓዦች ተቆረቆረ። በሰላም መታከም ማለት በሰላም መመለስንም የሚጨምር ከሆነ፣ ሐኪሞቹ የበኩላቸውን ሠርተው የጎደለው ከኛ ወገን ነበር ማለት ነው።

በፊስቱላ የተጎዱ እናቶችም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉት አውስትራሊያዊትና ኒውዚላንዳዊ ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ሴቶቹ ከሩቅ ገጠር ሲመጡ በሽታቸው ሽታ ስላለው በአውቶቡስ ውስጥ እንኳ ይገለሉ ነበር። ሆስፒታሉ በኋላ ላይ ደስታ መንደርን ያቋቋመው ሙሉ በሙሉ መዳን ላልቻሉትና ወደ ቤት መመለስ ለከበዳቸው ነው። ማረፊያ የሚለው ሦስተኛው ነገር ታወሳችሁ?

የማያፈጥ ከተማ

«ፕላስቲክ ሰርጀሪ» ሲባል ፌስታል የሚመስለው አይጠፋም። ቃሉ ግን መቅረጽ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ከፌስታሉ በፊት ነበር። ዘመናዊ መልኩን የያዘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ምሽግ ውስጥ የተኛ ወታደር አንገቱን ቀና ሲያደርግ የሚመታው ፊቱን ነው። ሃሮልድ ጊሊስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ጠርዝ ሲድከፕ ላይ በተከፈተ ሆስፒታል ከ5,000 በላይ ወታደሮችን ከ11,000 ጊዜ በላይ ቀዶ አክሟል። መንጋጋ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር ከራሳቸው ገላ እየተወሰደ ተሠራላቸው።

ሲድከፕ ውስጥ አንዳንድ የመንገድ ዳር አግዳሚ ወንበሮች ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ነበር። ትርጉሙ «እዚህ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሊያስደነግጣችሁ ይችላልና ተጠንቀቁ» ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጊሊስ ዘመድ የሆነው አርኪባልድ ማክኢንዶ ደግሞ ኢስት ግሪንስቴድ በምትባል ትንሽ ከተማ የተቃጠሉ አብራሪዎችን ያክም ነበር። እሱ በሌላ መንገድ ሄደ። የከተማውን ሰው አነጋገረ፤ ቤታችሁ ጋብዟቸው፣ አብራችሁ ጠጡ፣ ፊታቸውን ሳትሸሹ እዩአቸው አለ። ታካሚዎቹ እ.ኤ.አ. በ1941 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ አባላቱ 649 ደረሱ። ከተማዋም «የማታፈጥ ከተማ» የሚል ስም ወጣላት።

ሁለቱም ቦታ ጥሩ ሐኪም ነበረ። ልዩነቱ መንገድ ላይ ያለው ሰው ዓይን ነው። ሰማያዊው ወንበርና ዘነበወርቅ ዙሪያ የቀረው ጎጆ፣ አገራቸው ቢራራቅም፣ የአንድ ዓይነት ዓይን ሥራ ናቸው።

መጀመሪያ ምግብ

አሁን ወደ ቅርቡ ታሪክ። ኖማ የሚባል በሽታ አለ። በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ምናልባት ኩፍኝ ይዞት የነበረ ትንሽ ልጅ ድዱ ይቆስላል። በቀናት ውስጥ ቁስሉ ጉንጭን፣ ከንፈርን፣ አፍንጫን ይበላል። ካልታከመ አብዛኞቹን ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን የተለመደ አንቲባዮቲክ፣ የአፍ ንጽሕናና ምግብ ያስቆሙታል። አውሮፓ ውስጥ ኑሮ ሲሻሻል ጠፋ፤ በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ረሃብ ሲገባ ተመልሶ ታየ። የድህነት በሽታ መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ከተዘነጉ የሞቃት አገር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ገና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው።

በሕይወት የተረፉት ልጆች ፊታቸው ተበልቶ፣ መንጋጋቸው ተጣብቆ ያድጋሉ። ብዙዎቹ ከሰው ተደብቀው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ፕሮጀክት ሐረር እንዲህ ያሉትን፣ ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱትን፣ በአውሬ የተነከሱትንና ፊታቸው ላይ እጢ የወጣባቸውን ከገጠር እየፈለገ አዲስ አበባ ማምጣትን ሥራው አደረገ። ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ደግሞ ቀዶ ሐኪሞችን ይዞ እየመጣ ከባድ የሆኑትን የኖማ ሥራዎች ይሠራ ነበር። ቢቢሲም እ.ኤ.አ. በ2010 ስለዚሁ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶበታል። ለቃጠሎ ጠባሳና ለተሰነጠቀ ከንፈር ደግሞ የብዙ ሰው መድረሻ የካቲት 12 ሆስፒታል ሆነ። ይህ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ቤተ ሳይዳ ብለው ያቋቋሙት ሆስፒታል ነው።

ልብ በሉ፣ የኖማ ታካሚ አዲስ አበባ እንደገባ ወዲያው አይቀደድም። መጀመሪያ ይበላል። ደሙ ይመረመራል፣ የሆድ ትሉ ይታከማል፣ ክብደቱ እስኪጨምር ይጠበቃል። ማደንዘዣ ሰጪውም የራሱ ጭንቀት አለበት፦ አፉ የማይከፈት ሰው መተንፈሻ ቱቦው በአፍንጫ በኩል፣ በቀጭን ካሜራ እየታየ መግባት አለበት። ከክንድ ወይም ከጭን ሥጋ ከነደም ሥሩ ተወስዶ ጉንጭ ላይ ሲሰፋ ሰዓታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሳምንታት ያስፈልጋሉ፤ ቁስሉ እየታየ፣ አፍ መክፈት እየተለማመደ። ያቺ ቢላ የያዘች እጅ የምትታይበት ሰዓት ከጉዞው ውስጥ ትንሿ ክፍል ናት። የጠበሉ ተጓዥ አያቶቻችን ይህን ሲሰሙ «ታዲያ እንዴት ሊሆን ነበር?» የሚሉ ይመስለኛል።

ከቃሊቲ ወደ ቦሌ

መንገዱ ወደ ውጭም የሚሄድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጀመሪያ የበረረው በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ነበር። ዛሬ ለሕክምና የሚወጣ ሰው የሚጠራቸው ከተሞች፣ ባንኮክ፣ ዴልሂ፣ ኢስታንቡል፣ ሁሉም በረራ አላቸው። ለረጅም ጊዜ የውጭ ምንዛሪ የሚፈልግ ታማሚ የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት ማግኘት ነበረበት። ቦርዱ የሚያየው አገር ውስጥ ሊሰጥ የማይችል ሕክምናን ነው፤ የራሰ በራነት ጉዳይ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም።

በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ወጣት አሲድ ተደፋባት። ከተማው ደነገጠ፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ ገንዘብ ተገኘና ለፊቷ ሕክምና ከአገር ወጣች። ያን ጊዜ ማንም «ለመልኳ ነው» ብሎ አልናቀም። ጉዞዋን ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ሁሉም ይጠይቅ ነበር። የዛሬው የኢስታንቡል ተጓዥ ግን የሚሄደው ተደብቆ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ዓመት ፈቃድ፣ ለእናቱ ስብሰባ፣ ለጓደኞቹ «ቢዝነስ»። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ለዚህ ሰው በሌላ ትርጉም ይሠራል። የደበቀ ሰው አስታማሚ የለውም። ጠያቂ የለውም። ፍራሽ የሚያነጥፍለት የለም፤ ሆቴል ነው ያለው። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ትኩሳት ቢነሳበት የሚደውልለት ወይ በዋትስአፕ ዋጋ የነገረው ደላላ ነው፣ ወይ ማንም።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። የናይጄሪያ ቀዳማዊት እመቤት ስቴላ ኦባሳንጆ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ስፔን ውስጥ ማርቤያ ከተማ የሆድ ስብ ለማስመጠጥ ሄደው ሞቱ። 60 ዓመት ሊሞላቸው ሳምንታት ቀርተው ነበር። ቱቦው መግባት በሌለበት ገብቶ አንጀትና ጉበት ጎድቶ ነበር፤ ሐኪሙ በ2009 የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት። የፕሬዚዳንት ሚስት ገንዘብ አላጠራትም፣ ጠባቂ አላጠራትም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው የውበት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 93 አሜሪካውያን መሞታቸውን ገልጿል። የአስከሬን ምርመራቸው በተገኘው ላይ በብዛት የታየው ምክንያት ወደ ደም ሥር ገብቶ ሳንባ የሚዘጋ ስብና የረጋ ደም ነበር። ሁለቱም ታካሚው ከአልጋ ተነስቶ ሻንጣ በሚያዘጋጅባቸው ቀናት ሊመጡ ይችላሉ። ለዚህ ነው ያው ማዕከል ከደረትና ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ 10 ቀን፣ ከፊት፣ ከዐይን ቆብና ከአፍንጫ ሥራ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይቆዩ አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ የሚመክረው። «ዓርብ ሄጄ ሰኞ ቢሮ እገባለሁ» የሚለው ጥቅል የተሠራው ለቲኬቱ እንጂ ለገላው አይደለም።

ፍራሹን ማን ያነጥፋል?

እንግዲህ አራቱን ነገሮች መልሰን እናንሳቸው። ዝግጅት፦ የኖማው ልጅ ምግብ በልቶ ደሙ ተመርምሮ ነው የሚገባው። የኢስታንቡሉ መንገደኛስ ስኳሩን፣ ደም ግፊቱን፣ የሚወስደውን መድኃኒት ለማን ነገረ? የሚሠራውን ሐኪም ሙሉ ስም ያውቃል ወይስ የክሊኒኩን ኢንስታግራም ብቻ? አስታማሚ፦ አብሮት የሚሄድ፣ ቢያንስ የት እንደተኛ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ? ማረፊያ፦ ከክሊኒኩ ከወጣ በኋላ ቁስሉን የሚያይለት ማነው? አገሩ ከገባ በኋላስ የትኛው ሐኪም ይቀበለዋል? ወረቀቱን፣ የተደረገለትንና የተሰጠውን መድኃኒት የሚገልጸውን፣ ይዞ መጥቷል? በቂ ቀን፦ ስንት? አንዱም ጥያቄ አዲስ አይደለም። ወላይታ ውስጥ ያሉ ሽማግሌ ልጃቸውን ወደ ቃሊቲ ሲልኩ የሚጠይቁት ነው።

ወደ ውስጥ የሚመጣው ተጓዥ ደግሞ ሌላ ፈተና ገጥሞታል። ፍራሹ የሚነጠፍበት ሳሎን እየጠበበ ነው። ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ሶፋው ወዴት ይገፋል? የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር «ዘመዴ ለሕክምና ይመጣል» ማለት ከአከራይ ጋር ጠብ መጀመር ሆኗል። መፍትሔው አንድ ወገን ላይ ብቻ የለም። አቃቂ ቃሊቲ ራሱ አሁን ሆስፒታል አለው፤ ጥሩነሽ ዲባባ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ ያመጣችበትን ድል የሚያስታውሰውና በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ። ታማሚው መሃል ከተማ ድረስ ሳይሄድ በሩ ላይ የሚያየው ሐኪም ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሆስፒታል አልጋ ይሰጣል እንጂ ቀጠሮ እስኪደርስ ያለውን ወር አያሳድርም። በከተማው በር ላይ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ለታማሚና ለአስታማሚ ርካሽና ንጹሕ ማረፊያ ቢኖር ከአንድ ተጨማሪ የቀዶ ክፍል ያልተናነሰ ሰው ያድናል ብዬ አምናለሁ።

ለመልክ መታከም ቅብጠት ነው አይደለም የሚለውን ክርክር አለርት ውስጥ ቅንድባቸውን ያጡ ሰዎች ከብዙ ዓመት በፊት ዘግተውታል። ሰው የሚኖረው በሰው ዓይን ውስጥ ነው፤ ፊቱ ሲከብደው ማቅለል ቢፈልግ አይፈረድበትም። የሚያስፈራው ማፈሩ ነው። እኛ ስንስቅበት ይደበቃል፣ ሲደበቅ ብቻውን ይሄዳል፣ ብቻውን ሲሄድ ደግሞ አያቶቻችን ለጠበል እንኳ ያላደረጉትን አደጋ ይገባል። ስለዚህ ባለኮፍያው ወዳጃችሁ በሚቀጥለው ዓመት ለሁለተኛ ዙር «ለሥራ» ሲነሳ፣ ከመሳቅ ይልቅ «የት ነው የምታርፈው? ስትመለስ ማን ያይሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለው ለዚሁ ነው።